ለቲዎሬቲካል ፊዚክስ የሚያዘጋጁ የሒሳብ ኮርሶችን በመጀመሪያ ዲግሪ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ቲዎሬቲካል ፊዚክስን እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለመከታተል ያሰበ የፊዚክስ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ የሒሳብ ትምህርት ክፍልን የኮርስ ዝርዝር ይዞ ግራ መጋባቱ የተለመደ ነው። ሪል አናሊሲስ፣ አብስትራክት አልጄብራ፣ ቶፖሎጂ፣ ዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ፣ ፈንክሽናል አናሊሲስ፤ የሁሉም ስም በአንዱ ወይም በሌላው የፊዚክስ ዘርፍ ይነሳል፤ ሁሉንም መውሰድ ግን አይቻልም። ስለዚህ «ለፊዚክስ የሚጠቅመው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም፤ መልሱ «ሁሉም» ነውና። የሚሻለው ጥያቄ «በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ልማረው የማልችለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህ መመሪያ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኖ ቀሪው ሦስት ዓመት በትምህርት ክፍል ውስጥ በሚያልፍበት በአገራችን የአራት ዓመት ፕሮግራም ለሚማር ተማሪ የተዘጋጀ ነው። ሌላ አገር የሚማር አንባቢ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የጊዜ ሰሌዳውን ብቻ ቢለውጥ ይበቃዋል።

1. ከፊዚክሱ ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የኮርስ ዝርዝሩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት ያዘጋጁ። በወረቀቱ ራስጌ የማይቀሩትን አራት የፊዚክስ ኮርሶች ይጻፉ፦ ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስና ስታቲስቲካል ሜካኒክስ። ከሥራቸው ደግሞ ወደፊት የሚያጓጓዎትን ዘርፍ ያስፍሩ፤ የቅንጣቶች ፊዚክስ፣ አጠቃላይ አንጻራዊነት ወይም የኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ሊሆን ይችላል። ቁርጥ ያለ ውሳኔ አይጠበቅብዎትም፤ ግምት ይበቃል። ቀጥለው ከእያንዳንዱ ጎን ኮርሱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚጠይቀውን ሒሳብ ይጻፉ። «በመጀመሪያው ወር» የሚለው ገደብ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚመጣውን ሒሳብ መምህሩ ራሱ እግረ መንገዱን ያስተምረዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣውን ግን ተማሪው ያውቀዋል ብሎ ያልፈዋል።

ሒሳቡን ዘግይተው የተማሩ ታላላቅ ሰዎች እንደነበሩ እውነት ነው። ቨርነር ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1925 የኳንተም ሜካኒክስን የመጀመሪያ ቅርጽ ሲጽፍ የተጠቀመበት የቁጥሮች ሰንጠረዥ ማባዣ ሕግ የማትሪክስ ብዜት መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ያወቀለት ማክስ ቦርን ነው። አልበርት አንስታይንም እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ዙሪክ ሲመለስ የጠማማ ስፔስን ጂኦሜትሪ ያስተዋወቀው የትምህርት ቤት ጓደኛው የሒሳብ ሊቁ ማርሴል ግሮስማን ነበር፤ የመጨረሻዎቹ እኩልታዎች የተገኙት ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ በኅዳር 1915 ነው። ቦርንንና ግሮስማንን የመሰለ ሰው በአጠገቡ የሌለው ተማሪ ግን ኮርሱን አስቀድሞ ቢወስድ ይቀለዋል።

2. ኮርሶቹን በሦስት ይክፈሉ

አንደኛው ክፍል የፊዚክስ መምህራን ራሳቸው የሚያስተምሯቸው ናቸው፤ ፉሪየር ሲሪስ፣ የሌጀንደርና የቤሴል ፈንክሽኖች፣ የዲራክ ዴልታ፣ የቴንሰር አጻጻፍ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። እነዚህ «ማቴማቲካል ሜትድስ ኦፍ ፊዚክስ» በሚባለው ኮርስ ውስጥ ስላሉ ለእነርሱ ሲባል ተጨማሪ የሒሳብ ኮርስ መውሰድ ትርፉ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሠሩትን የሚያርም መምህር የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) መጻፍን የሚጠይቁ ኮርሶች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። አንድ ሰው የራሱን ስሌት መልሱን አይቶ ሊያርም ይችላል፤ የራሱ ማረጋገጫ የቱ ላይ እንደተበጠሰ ግን ሌላ ዓይን ካላየለት በስተቀር ለረጅም ጊዜ ላያውቀው ይችላል። ሦስተኛው ክፍል ሊቆዩ የሚችሉ፣ ማለትም ለሁለተኛ ዲግሪ ቢተላለፉ ጉዳት የማያስከትሉ ናቸው። ያለዎትን ጥቂት የምርጫ ኮርስ በዋነኛነት በሁለተኛው ክፍል ላይ ያውሉ።

3. ካልኩለስን አይለፉት፣ ይፈትኑት

ካልኩለስና ኦርዲናሪ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የግዴታ ኮርሶች ስለሆኑ ምርጫ የለም። እዚህ የሚያስፈልገው የጨበጡትን መፈተን ነው። መጽሐፍ ሳይከፍቱ ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ የላፕላስ ኦፐሬተርን ከካርቴዥያን ወደ ስፌሪካል ኮኦርዲኔት ይለውጡ። ሁለተኛ፣ የጋውስን ኢንተግራል፣ ማለትም የኤክስፖኔንሺያል ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌርን ኢንተግራል በመላው የቁጥር መስመር ላይ ያስሉ፤ መልሱ የፓይ ስኩዌር ሩት ነው፤ መንገዱም ኢንተግራሉን በራሱ አባዝቶ ወደ ፖላር ኮኦርዲኔት መሄድ ነው። ይህ ኢንተግራል በስታቲስቲካል ሜካኒክስ የጋዝን ሞለኪውሎች ሲቆጥሩ፣ በኋላም በኳንተም ፊልድ ቲዎሪ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣልና ዛሬ መልመዱ ኪሳራ የለውም። ሁለቱን መሥራት ካቃተዎት አዲስ ኮርስ ከመመዝገብ በፊት ክረምቱን ካልኩለስ 3 ላይ፣ በተለይም በጋውስና በስቶክስ ቲዎረሞች ላይ ማሳለፉ ይሻላል።

4. ሊኒየር አልጄብራን ሁለት ጊዜ ይማሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ይውሰድ። ሊኒየር አልጄብራን አንድ ጊዜ ወስደው ጨረስነው የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው እኩልታዎችን በረድፍ ማቃለል፣ ዲተርሚናንት ማስላትና የትንንሽ ማትሪክሶችን አይገንቫልዩ መፈለግ ነው። ይህ ያስፈልጋል፤ ኳንተም ሜካኒክስ የሚጀምረው ግን ይህ ካበቃበት ነው። በኳንተም ሜካኒክስ የአንድ ሥርዓት ሁኔታ በኮምፕሌክስ ቬክተር ስፔስ ውስጥ ባለ ቬክተር ይገለጻል፤ የሚለካ መጠን በኸርሚሺያን ኦፐሬተር ይወከላል፤ በልኬት የሚገኙት ቁጥሮችም የዚያ ኦፐሬተር አይገንቫልዩዎች ናቸው። እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንግዳ የሆኑበት ተማሪ ሒሳቡንና ፊዚክሱን በአንድ ጊዜ ለመማር ይገደዳል፤ ከሁለቱ ያስቸገረው የትኛው እንደሆነ ሳይለይም ሴሚስተሩ ያልቃል።

ሁለተኛውን ኮርስ ሲመርጡ በኮርሱ ዝርዝር ውስጥ የሚከተሉት መኖራቸውን ይመልከቱ፦ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ኢነር ፕሮዳክት፣ ኸርሚሺያንና ዩኒተሪ ኦፐሬተሮች፣ ስፔክትራል ቲዎረም፣ ዱዋል ስፔስ፣ ከተቻለም ቴንሰር ፕሮዳክት። ዝርዝሩ እንደገና በዲተርሚናንትና በረድፍ ማቃለል የተሞላ ከሆነ፣ የኮርሱ ስም ምንም ቢሆን፣ ያው የመጀመሪያው ኮርስ ነውና ሌላ ይፈልጉ።

እያንዳንዱ ርዕስ በፊዚክሱ ውስጥ የሚጠብቅበት ቦታ አለው። እርስ በርስ ኮሚዩት የሚያደርጉ፣ ማለትም የሚባዙበት ቅደም ተከተል ውጤቱን የማይለውጥ፣ ሁለት ኸርሚሺያን ማትሪክሶች የጋራ አይገንቬክተሮች አሏቸው የሚለው ቲዎረም በሒሳብ ክፍል ውስጥ የግማሽ ገጽ ማረጋገጫ ነው፤ የሃይድሮጅን አቶም ሁኔታዎች ኃይልን፣ የአንጉላር ሞመንተምን መጠንና አንዱን ክፍሉን በሚያሳዩ ሦስት ቁጥሮች በአንድነት ሊሰየሙ የቻሉት ግን በዚሁ ቲዎረም ምክንያት ነው። ቴንሰር ፕሮዳክትም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ስፔስ ያላቸው ሁለት ኤሌክትሮን ስፒኖች ሲጣመሩ ባለ አራት ዳይሜንሽን ስፔስ ይፈጥራሉ፤ ያም ሦስት አባላት ባሉት ትሪፕሌትና አንድ አባል ባለው ሲንግሌት ይከፈላል። ኢንታንግልመንት የሚባለው ነገር ሁሉ መነሻው በዚህ ስፔስ ውስጥ እንደ ሁለት ቬክተሮች ብዜት ሊጻፉ የማይችሉ ቬክተሮች መኖራቸው ነው።

ኮርሱ እንደገባዎት ለማወቅ ይህን ጥያቄ ይሥሩ። ሁለት እኩል ክብደት ያላቸው አካላት በሦስት እኩል ስፕሪንጎች በሁለት ግድግዳዎች መካከል በአንድ መስመር ተያይዘዋል። የሚወዛወዙባቸውን ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ይፈልጉ። የሁለቱ ጥምርታ የ3 ስኩዌር ሩት ይሆናል። ብዙ ተማሪ በግምት «አንዱ አብረው ሲሄዱ፣ ሌላው ተቃራኒ ሲሄዱ» ብሎ መልሱ ላይ ይደርሳል፤ ግምቱም ትክክል ነው። ጥያቄውን እንደ አይገንቫልዩ ጥያቄ ጽፎ የሠራው ተማሪ ግን አካላቱ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ መቶ ቢሆኑ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ እግረ መንገዱንም የጠጣር ነገሮች ፊዚክስን አንድ ምዕራፍ ጀምሯል።

ሁለተኛው ሊኒየር አልጄብራ ከመጀመሪያው የኳንተም ሜካኒክስ ኮርስ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። ካልተቻለ ቢያንስ በአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን ይሂዱ።

5. ከሁለቱ አናሊሲሶች የቱ ይቅደም?

አንድ ብቻ የመውሰድ ዕድል ካለ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ይቅደም። ከገጹ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የሚከፍል የሒሳብ ኮርስ አላውቅም። የኮንቱር ኢንተግራልንና የሬሲድዩ ቲዎረምን የተማረ ሰው፣ የኮሳይን ኤክስን ለአንድ ሲደመር ኤክስ ስኩዌር ማካፈልን በመላው መስመር ላይ ኢንተግሬት አድርግ ቢሉት በሦስት መስመር ፓይን ለኢ ያካፈለ መልስ ያመጣል፤ በተራ የካልኩለስ ዘዴ የሚሞክር ሰው ግን ከዚህ እጅግ ይርቃል። የግሪን ፈንክሽኖች፣ በኳንተም ፊልድ ቲዎሪ ውስጥ ፕሮፓጌተር የሚባሉትም ጭምር፣ የሚሰሉት በዚህ ዘዴ ነው። ከዘዴነቱም ያልፋል፦ ውጤት ከመንስኤው አይቀድምም የሚለው መርህ በሒሳብ ሲጻፍ፣ የአንድ ቁስ ምላሽ ፈንክሽን በኮምፕሌክስ ፕሌን ግማሽ ክፍል ላይ አናሊቲክ ነው ወደሚል አነጋገር ይለወጣል።

ሪል አናሊሲስ ሌላ ጠባይ አለው። በውስጡ ያለው ይዘት በቀጥታ በፊዚክስ የቤት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ይህንንም አይተው «ካልኩለስን በአስቸጋሪ መንገድ መድገም ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ኮርሱ የሚሰጠው አንድ አባባል የሚሠራው በምን ሁኔታ እንደሆነና የት ላይ እንደሚፈርስ የመለየት ልማድ ነው፤ ይህም ከላይ በሁለተኛው ክፍል ከመደብናቸው፣ መምህር ካላረመን ከማይያዙት ነገሮች አንዱ ነው። ሊሚትና ኢንተግራል መቼ ቦታ ይለዋወጣሉ? ሲሪስስ መቼ ይሰበሰባል (ኮንቨርጅ ያደርጋል)፣ ማለትም ድምሩ መቼ ወደ አንድ ውሱን ቁጥር ይጠጋል? ፍሪማን ዳይሰን እ.ኤ.አ. በ1952 የኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ የፐርተርቤሽን ሲሪስ ሊሰበሰብ እንደማይችል ሲከራከር ያነሳው የዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ያም ሆኖ የሲሪሱ የመጀመሪያ ጥቂት አባላት ከልኬት ጋር በአስደናቂ ጥራት ይስማማሉ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ኮንቨርጀንስን በቁም ነገር የተማረ አእምሮ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ አለ። ማረጋገጫ ጽፎ የማያውቅ ተማሪ ወደ ሪል አናሊሲስ በቀጥታ ሲገባ በመጀመሪያው ፈተና መደናገጡ አይቀርም። ትምህርት ክፍሉ የሎጂክና የስብስብ መግቢያ ኮርስ ካለው ያን ያስቀድሙ፤ ከሌለው በክረምት በኢንዳክሽን፣ በተቃርኖ ማረጋገጥን እና «ለእያንዳንዱ ኤፕሲሎን አንድ ዴልታ አለ» የሚለውን አነጋገር ይለማመዱ። ሪል አናሊሲስን ከኳንተም ሜካኒክስና ከኤሌክትሮዳይናሚክስ ጋር በአንድ ሴሚስተር ማጨቅም ጥበብ አይደለም።

6. ግሩፕ ቲዎሪን ከየት ይማሩ?

ሲሜትሪ የዘመናዊ ፊዚክስ ቋንቋ መሆኑን ሁሉም ይሰማል፤ የሲሜትሪ ሒሳብ ደግሞ ግሩፕ ቲዎሪ ነው። ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመችው ሥራ እያንዳንዱ ተከታታይ ሲሜትሪ አንድ የማይለወጥ መጠን እንደሚያስገኝ አሳይታለች። ሙሬይ ጌል-ማንና ዩቫል ኔማን በ1961 ኤስዩ 3 በሚባለው ግሩፕ ቅንጣቶችን ሲመድቡ ከሠንጠረዡ የጎደለ ቦታ ተገኘ፤ የጎደለው ቅንጣት፣ ኦሜጋ ማይነስ፣ በ1964 በሙከራ ተገኘ። ይህን የሰማ ተማሪ አብስትራክት አልጄብራን ለመመዝገብ ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ችግሩ በተለመደው አቀራረብ አብስትራክት አልጄብራ ስለ ፋይናይት ግሩፖች ጥቂት ሳምንታት ካስተማረ በኋላ ወደ ሪንግና ወደ ፊልድ ያልፋል፤ ፊዚክስ የሚፈልጋቸው፣ ተከታታይ ሲሜትሪን የሚገልጹት ሊ ግሩፖች (Lie groups) እና ግሩፖችን በማትሪክስ የሚወክሉት ሪፕሬዘንቴሽኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በውስጡ የሉም። ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ ኮርሱ ግማሽ ያህል ጊዜውን ለግሩፖች የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም ሪፕሬዘንቴሽንን የሚነካ ከሆነ ይውሰዱት። አለበለዚያ የምርጫ ቦታዎን ለሌላ ያውሉና ግሩፖችን ከአንጉላር ሞመንተም ጋር በኳንተም ሜካኒክስ ውስጥ ይማሯቸው። የመዞርን ግሩፕ ኤስኦ 3ንና የስፒንን ግሩፕ ኤስዩ 2ን በሚገባ የለየ፣ ኤሌክትሮን በ360 ዲግሪ ሲዞር የሁኔታው ቬክተር ምልክቱን እንደሚለውጥና ወደ ራሱ የሚመለሰው በ720 ዲግሪ መሆኑን አስልቶ ያየ ተማሪ፣ ለመነሻ የሚበቃውን ይዟል።

7. ጂኦሜትሪ፣ ቶፖሎጂና የቀሩት

ወደ አጠቃላይ አንጻራዊነት የሚያዘነብል ተማሪ የኩርባዎችና የገጾች ዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ ኮርስ ካገኘ ይውሰደው። የአንጻራዊነት መምህር ቴንሰርን ራሱ ስለሚያስተምር ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም ኩርባነት ምን ማለት እንደሆነ በዓይን የሚታየው በገጽ ላይ ነው። ከሰሜን ዋልታ ተነሥቶ እስከ ምድር ወገብ ወርዶ፣ ሩብ ዙር ተጉዞ ወደ ዋልታው የሚመለስ ሦስት ማዕዘን ሦስት ቀጥተኛ አንግሎች አሉት፤ ድምራቸውም 270 ዲግሪ ነው። ጋውስ በ1827 እንዳሳየው በገጹ ላይ የሚኖር ፍጡር ከገጹ ሳይወጣ ኩርባነቱን ሊለካ ይችላል፤ ሪማን በ1854 ይህን ወደ ማንኛውም ዳይሜንሽን አሰፋው፤ ስፔስታይም ጠማማ ነው ስንል የምንለውም ይህንኑ ነው።

ጄኔራል ቶፖሎጂ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ2016 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለቁስ ቶፖሎጂካል ፌዞች ከተሰጠ ወዲህ ኮርሱ ተፈላጊ ቢመስልም፣ እዚያ የሚሠራው ቶፖሎጂ ዙሮችን መቁጠርንና ሆሞቶፒን (አንዱን ቅርጽ ሳይቆርጡ ወደ ሌላው መለወጥን) የመሰለው ነው፤ የመጀመሪያው ኮርስ ግን ስለ ክፍትና ዝግ ስብስቦች ተናግሮ ያበቃል። ፈንክሽናል አናሊሲስም ከሪል አናሊሲስ በፊት አይሞከርም፤ ጆን ፎን ኖይማን በ1932 ኳንተም ሜካኒክስን በዚህ ሒሳብ ላይ ቢያቆመውም ለሁለተኛ ዲግሪ መተው ይቻላል። ፓርሻል ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ከማቴማቲካል ሜትድስ ጋር ምን ያህል እንደሚደራረብ የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ፤ ከግማሽ በላይ ከተደራረበ አንዱ ይበቃል። አንድ የፕሮባቢሊቲ ኮርስና አንድ የኒውመሪካል አናሊሲስ ኮርስ ከፓይተን ፕሮግራሚንግ ጋር ይያዙ፤ በእርሳስ የሚፈቱ የምርምር ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው።

8. በዓመታት ይደልድሉ

በሁለተኛው ዓመት ካልኩለስ 3ን፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንንና የመጀመሪያውን ሊኒየር አልጄብራ ይጨርሱ። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ሁለተኛው ሊኒየር አልጄብራ፣ በዓመቱ ማብቂያ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ይግባ። ሪል አናሊሲስ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ይሁን። የመጨረሻውን ሴሚስተር ከከባድ ሒሳብ ነጻ ያድርጉት፤ የምርምር ፕሮጀክቱ አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል። አሜሪካ የሚማሩ ተማሪዎች ሒሳብን ማይነር ወይም ሁለተኛ ሜጀር የማድረግ ዕድል ስላላቸው ሰፋ አድርገው ሊደለድሉ ይችላሉ።

ሥርዓተ ትምህርቱ የምርጫ ቦታ ካጠበበ የትምህርት ክፍል ኃላፊውንና የኮርሱን መምህር አነጋግረው ያለ ክሬዲት ክፍል ለመከታተል ይጠይቁ። ውጤት የማይመዘገብበት ቢሆንም የቤት ሥራውን ሠርተው እንዲታረምልዎት ይለምኑ፤ ያለዚያ መቀመጥ ብቻ ይሆናል። በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው፣ በአብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፤ እንዲህ ላለ ዕድል የሚያመለክት ሰው በትራንስክሪፕቱ ላይ ያልታየውን ኮርስ መምህሩ በድጋፍ ደብዳቤው ሊመሰክርለት ይችላል።

9. ከመመዝገብዎ በፊትና ከተመዘገቡ በኋላ

የኮርሱን ዝርዝር፣ ያለፈውን ዓመት ፈተናና ኮርሱን የወሰደ አንድ ተማሪ ያግኙ። ተማሪውን «ከባድ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ «መምህሩ እስከ የትኛው ምዕራፍ ደረሰ? የቤት ሥራ ያርማል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። በወረቀት ላይ ስፔክትራል ቲዎረም ያለው ኮርስ ክፍል ውስጥ ሳይደርስበት ሊያልቅ ይችላልና። ከዚያ ይመዝገቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ከተሰጡት ጥያቄዎች አምስቱን ያለ ማንም እርዳታ ጽፈው ይሥሩ። ሦስቱን ከሠሩ ይቀጥሉ። አንዱንም መጀመር ካልቻሉ፣ የጎደለው ቅድመ ሁኔታ የሆነው ኮርስ የትኛው እንደሆነ መምህሩን ይጠይቁና የአድና ድሮፕ ቀን ሳያልፍ በእርሱ ይቀይሩት።